የሀሩን ፒካፕ ፍሬን

ጅዳ፣ ጉለይል
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለካሳ፤

ጤናውን ያብዛልህ። ያደርክበት ቤት፣ የምትውልበት ቦታ ሰላም ይሁን። እኔ የእናትህ ወንድም ልጅ ጥሩነህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ለምን ይጽፋል ትል ይሆናል። ክፍላችን ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነን። ስልክ ሳነሣ ስምንቱ ዝም ይላሉ። ያከበሩኝ ይመስላል እንጂ እየሰሙ ነው። «አለሁ፣ አንተስ፣ በቃ ደህና ሁን» ብዬ እዘጋለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ያላልኩት ሁሉ ይመጣል። ወረቀት ላይ የሚሰማ የለም። ጀውሀር የሚባል የማውቀው ሹፌር በሳምንት ሁለት ቀን አትክልት ጭኖ መካ ይገባል፤ አደርሳለሁ ብሏል።

ከጅዳ መካ የአንድ ሰዓት መንገድ። አንዳንዴ ይህን አስባለሁ። ስንት አገር አቋርጠን መጥተን አንድ ሰዓት መንገድ አቃተን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መካ አልገባም። አንተ የመኖሪያ ፈቃድህ ኢቃማው ካለቀ፣ አሠሪህ ከፊሉም ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ከመካ ብትወጣ የፍተሻው ኬላ፣ ተፍቲሹ ላይ፣ ይይዙሃል። ሦስት ዓመት ሙሉ አልተያየንም።

ሥራ አለ። የምሠራበት ጋራዥ፣ ወርሻው፣ ትልቅ ነው፣ ወለሉ ይታጠባል። የፍሬን አየር የሚያወጣልን መሣሪያ ነው። ቱቦውን ትሰካለህ፣ ራሱ ይስባል፣ አለቀ። ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም። እኔ ከሥር ነኝ፣ የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። አንዳንዴ ሳላስበው ወደ ላይ እጮኻለሁ። ማንም የለም። የመናዊው ባልደረባዬ ያየኛል።

ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ያዕቆብ ጋራዥ፣ ስድስት ዓመት። እኔ ከሥር፣ አንተ ፔዳሉ ላይ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት የጫማህን ሶል ነው ማለት ይቻላል።

የአሥር ቁጥር ቁልፍ ልኬልሃለሁ። ጥሩ ብረት ነው፣ የብሎን ጠርዝ አይበላም። ዘይቱ ሲወርድ አረፋው እንዲታይ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦም አለበት። ሥራ ካገኘህ ይጠቅምሃል። ካላገኘህም አስቀምጠው።

መልስ ጻፍልኝ። አጭርም ቢሆን።

ጥሩነህ


መካ፣ መንሱር
ጥቅምት 9 ቀን 2017

ለአጎቴ ልጅ ለጥሩነህ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ ጀመርኩና አንተ መሆንህ ትዝ አለኝ። ይሁን፣ ሰላም ሰላም ነው፣ ውሰደው። አላህ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሳሁ እንጂ ደህና ነኝ።

ቁልፏ ደረሰችኝ። ወላሂ በደረሰችበት ቀን ነው ሥራ ያገኘሁት! እዚህ መንሱር፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ጀርባ ባዶ ቦታ አለች። ሀሩን የሚባል ልጅ መኪና ይሠራባታል። እዚሁ መካ ነው የተወለደው፣ እናቱ ግን የደሴ ሰው ናቸው። ወረቀቱ ሙሉ ነው። አማርኛው ግማሹ ዐረብኛ ነው፣ ስድቡ ግን ጥርት ያለ አማርኛ። የሞተር አባት ነው፣ ጆሮውን ደግኖ ብቻ ሕመሙን ይነግርሃል።

የቀን ሥራ ፍለጋ ቆሜ ሳለሁ ከአንድ ታክሲ ሥር ሆኖ «ያላ፣ እግር ያለው ሰው የለም? ማን ይረግጥልኛል?» ይላል። ማንም ሳይቀድመኝ ገባሁ። ፔዳሉን ሦስቴ ረግጬ ያዝኩና «ያዝኩ!» አልኩት።

ከሥር የአየር ማውጫዋን ብሎን ፈታ፣ መልሶ አጠበቀ። ከዚያ «ኦ! ይሄኛው ያውቃል» አለ። «ማነው ያስተማረህ?»

«ጋሽ ያዕቆብ፣ ኮምቦልቻ።»

«ጋሽ ያዕቆብ መብላት አላስተማረህም እንዴ? ፔዳሉ ካንተ ይወፍራል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እግሬ ሊያመልጠኝ ነበር። ከኋላ ቀኝ ጀመርን፣ ዘይቱን ከሚገፋው ማስተር ከሚርቀው። ከዚያ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። በመጨረሻ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። አንተ የላክኸው ቱቦ ነው የሠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እዚያው ነኝ። እሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ።

የመሣሪያችሁ ነገር ገርሞኛል። እኛ ጋ መሣሪያው እኔ ነኝ።

ሌላ የምፈልገው የለኝም። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።

ካሳ


ጅዳ፣ ጉለይል
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለካሳ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ለሠራኸው ሥራ በረከት ይጨመርበት። ሥራ በማግኘትህ ደስ ብሎኛል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ስህተት ስፈልግ ነበር። ከኋላ ቀኝ ጀመርን ብለሃል። ልክ ነው። ተራውም ልክ ነው። ይህ ሀሩን የሚባለው ሰው ምንም አላጠፋም።

ስንት ዓመቱ ነው? ልጅ ነው ብለሃል። አንተ ልጅ የምትለው የስንት ዓመት ሰው ነው?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እግርህን እንድታነሣ እንዴት ነው የሚያስታውቅህ? ብሎኗ ተፈትታ ሳለ ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ እንደሚገባ ታውቃለህ። ጋሽ ያዕቆብ ጋ አንተ «ያዝኩ» ትላለህ። እኔ እፈታለሁ፣ ዘይቱ ይወርዳል፣ አጠብቃለሁ። ከዚያ ስምህን እጠራለሁ። ስምህን ከእኔ አፍ ሳትሰማ ጋራዡ ቢቃጠልም እግርህ አይነሣም። እንዲህ ነበር የምንሠራው። ይህን ለሀሩን ነግረኸዋል? አትንገረው ማለቴ አይደለም። ለሥራው ጥሩ ነው። እንዲያው ለማወቅ ነው።

ጀውሀር ደብዳቤውን በእጁ እየመዘነ «ለሚስት ነው?» ይለኛል።

«ለአክስቴ ልጅ ነው።»

«እኔ የአክስቴ ልጅ ሲደውል ስልኩን ትራስ ሥር ነው የምከተው» አለና ሄደ።

ቁልፏ እንዳትጠፋ። ተበድሮ የሚያስቀር ብዙ ነው።

ጥሩነህ


መካ፣ መንሱር
ጥቅምት 24 ቀን 2017

ለአጎቴ ልጅ ለጥሩነህ፤

አላህ በሰላም በጤና ያቆይልኝ፤ ሐሳብህን ያቅልልህ። ስለዘገየሁ አትቀየመኝ። ሥራ በዝቶ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

ሀሩን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ምነው፣ ልትድርለት ነው? ዓርብ ዓርብ እነሱ ቤት ነው የምበላው። እናቱ እማማ ዘይነብ «ሁለተኛው ልጄ» ነው የሚሉኝ። የመጀመሪያው ቀን ሸሚዜን አስወልቀው ቁልፉን ሰፉልኝ። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ልብስ የሰፋልኝ ሰው አልነበረም።

ስም መጥራቱን ነገርኩት። «ምነው፣ ሚኒስትር ነህ እንዴ ስምህ ካልተጠራ የማትነሣው?» ብሎ ሳቀብኝ። አሁን ግን ለምዶታል። «ካሳ!» ብሎ ሲጣራ የመንሱር ሰው ሁሉ ይዞራል። ዳቦ ቤቱ ያለው ልጅ ሳይቀር «ካሳ!» ይለኛል። ቁልፏንም ወዷታል፣ አልሰጥህም ብሎ ኪሱ ከተታት። «አንተም የእኔ ማለት ነህ፣ ውሰዳት» አልኩት።

አሁን አንድ ያስቸገረን ነገር አለ። የሀሩን የራሱ ፒካፕ የፊት ፍሬኑ ያዝ ያደርግ ነበር። ዲስኩን የሚጨብጡት ካሊፐሮች ዝገዋል። ተሽሊህ ሄዶ፣ አሮጌ መኪና ከሚፈታበት ቦታ፣ ሁለት ደህና ካሊፐር በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። ባለፈው ሳምንት ገጠምናቸው። ደስ የሚለው፣ የእነዚህ ማስተንፈሻ ብሎን ወደ ታች ናት። እንደ አሮጌዎቹ ወደ ላይ አይደለችም። ቱቦዋ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ከሥር ለተኛ ሰው ትመቻለች። አየሩን አስወጣን። ንጹህ ዘይት ነው የሚወርደው፣ አንዲት አረፋ የለም። ግን ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ስፖንጅ የምረግጥ ነው የሚመስለኝ።

ለጊዜው በሰፈር ብቻ ነው የሚነዳት፣ ቀስ እያለ። ምን ይመስልሃል? ሀሩን ሞተር እንጂ ፍሬን ላይ እምብዛም ነው። እኔ ደግሞ ያው ታውቀኛለህ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከላይ ነኝ።

ካሳ


ጅዳ፣ ጉለይል
ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ይህ ወረቀት አልተላከም)

ካሳ፤

ካሊፐሮቹ ተቀያይረዋል። የቀኙን ግራ፣ የግራውን ቀኝ ገጥማችኋል። ብሎኗ ወደ ታች ያየችው ለዚህ ነው። አየር ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል። መውጫው ታች ከሆነ አየሩ ካሊፐሩ አናት ላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ በሥሩ ንጹህ ዘይት ይወርዳል። እስከ ፋሲካ ብትረግጥ አይወጣም። አውልቃችሁ አቀያይሯቸው።

ይኸው። ጽፌ ጨረስኩ። ቅዳሜ በጀውሀር ይደርስሃል። ብደውልልህ አሁኑኑ ይደርስሃል።

ከዚያስ? «የአጎቴ ልጅ እንዲህ አለ» ትለዋለህ። ታቀያይራላችሁ። እሱ ከሥር፣ አንተ ከላይ። ፔዳሉ ይደነድናል። «ካሳ!» ብሎ ይጣራል። እኔ በገዛሁት ቁልፍ። ከዚያ እናቱ ቤት ሄዳችሁ ትበላላችሁ።

ባልጽፍስ? ፔዳሉ ይሰምጣል። ያ ሰው ምንም እንደማያውቅ ታያለህ። አንድ ቀን «ጥሩነህ ቢኖር ኖሮ» ትላለህ። ጮክ ብለህ ባትለውም በልብህ ትለዋለህ። የምፈልገው ይህን ነው? ይህችን ያህል ትንሽ ሰው ነኝ?

መኪናው በሰፈር ብቻ ነው የሚነዳው ብለሃል። በሰፈር፣ ቀስ ብሎ። በዚህ ሰው አይጎዳም።

አይጎዳም ብዬ ጻፍኩ። ማን ጠየቀኝ?


ጅዳ፣ ጉለይል
ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለካሳ፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። ሰላም መሆንህን ሰምቼ ተደስቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ቀነስ ብሏል። ከክፍላችን አንድ ልጅ ወደ አገር ተመለሰ፤ ቦታው ላይ ሁለት ሰው ገባ።

ለእናትየው ሰላም በልልኝ። የሸሚዝህን ቁልፍ መስፋታቸው ደግ ነው።

ስለ ፒካፑ፣ አየር ማስወጣቱን ደጋግሙት። አንዳንድ መኪና እልኸኛ ነው። ዘይቱ ከማጠራቀሚያው እንዳያልቅ እየሞላችሁ ደጋግሙት።

ቁልፏን ለእሱ መስጠትህ ምንም አይደለም። የሰጠሁት ለአንተ ነበር፤ የአንተ ከሆነች እንደወደድክ ነው።

ጥሩነህ


መካ፣ መንሱር
ኅዳር 7 ቀን 2017

ለአጎቴ ልጅ ለጥሩነህ፤

አላህ ይጠብቅህ፤ ከክፉ ዓይን ከክፉ ቀን ይሰውርህ። አጭር ደብዳቤ ነበር የጻፍክልኝ። ደክሞህ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እንዳልከው ደጋገምነው። አምስት ጊዜ! ጉልበቴ አበጠ። ሀሩን «የጅዳው ሰውዬ ደጋግሙ ካለ እንደጋግማለን፣ ኸላስ» ብሎ ሁለት ጣሳ ዘይት ገዛ። ሳያይህ ያምንሃል፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት፣ ስለ አንተ ስነግረው ነው የምውለው። አሁን ፔዳሉ አንዴ ሲረገጥ ይሰምጣል፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ይይዛል። ሀሩን «በቃ፣ ሁለቴ መርገጥ ምን ይከብዳል፣ እግሬ ሥራ ፈት ነው» አለ።

እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ በዚችው መኪና ጣኢፍ ይወጣል። እማማ ዘይነብ እህታቸው ታመውባቸዋል፣ እሳቸውን ይዞ ነው። እህትየዋን ጠይቀው ማታውኑ አብረው ይመለሳሉ። ሲመለስ በሀዳ ነው የሚወርደው። ያ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ። እኔ በተፍቲሹ ምክንያት አብሬ አልሄድም።

«ሌላ መኪና ተከራይ» አልኩት። «የሰው መኪና ውስጥ እናቴ ያቅለሸልሻታል» አለኝ። እሳቸውም ከጓዳ ሆነው «የልጄን መኪና ማን ነው የሚያማው?» አሉ።

ጥሩነህ፣ አንተ ጋ መልስ አለ። ከሥር ሆነህ ያላየኸው ነገር የለም። እባክህ አስብና ንገረኝ። ከሐሙስ በፊት ጀውሀር ወደዚህ ካልመጣ ደውል።

ካሳ


ጅዳ፣ ባብ መካ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሳ፤

ትናንት ደብዳቤህ ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት። ከትናንት ጀምሮ አሥራ ሰባት ጊዜ ደውያለሁ፣ ይጠራል፣ አታነሣም። መልእክትም ልኬያለሁ። ደርሶህ እንደሆነ አላውቅም።

ካሊፐሮቹ ግራና ቀኝ ተቀያይረዋል። ብሎኗ ከላይ መሆን አለባት። አየሩ ውስጥ ነው ያለው። በአውራ ጎዳና ሁለቴ መርገጥ ይቻል ይሆናል። በሀዳ ቁልቁለት፣ ፍሬኑ ከጋለ በኋላ፣ ሦስቴም አራቴም ቢረግጥ አይይዝለትም። እንዳይሄድ። እናትየውን ይዞ እንዳይሄድ። መንገዱ ላይ ተኛበት።

ጀውሀር እስከ ቅዳሜ አይመጣም። የመካ ታክሲ ከሚነሣበት ቦታ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ጉልበቴ ላይ። ታክሲው ውስጥ አንድ ቦታ ባዶ ነው። ሹፌሩ «አንተ ግባና ልሂድ» አለኝ። ኢቃማዬን አሳየሁት፣ ሙስሊም አይደለም የሚለውን አነበበና መለሰልኝ። ስንቅነሽ የምትባል የአገራችን ሴት እዚህ በኒ ማሊክ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ እመቤቷን ዛሬ መካ የሚያደርሰውን ሹፌር ታውቀዋለች። ይህን በእሱ እጅ ነው የምሰድደው። መንሱር፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ ካሳ በሉ፣ ሁሉም ያውቀዋል ብያለሁ።

ለምን እንደዘገየሁ አሁን አትጠይቀኝ። ይህ ሲደርስህ አንድ ቃል ብቻ። አለን በለኝ።

ጥሩነህ


መካ፣ መንሱር
ኅዳር 20 ቀን 2017

ለአጎቴ ልጅ ለጥሩነህ፤

አላህ ለሁላችንም ምሕረት ያውርድ። ዛሬ ከዚህ ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

አለን። ሀሩንም እማማ ዘይነብም በሰላም ሄደው በሰላም ተመለሱ። ፍሬኑ ድንጋይ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8፣ ላንተ የጻፍኩትን ለጀውሀር ከሰጠሁ በማግስቱ፣ አሮጌዎቹ ካሊፐሮች ግድግዳ ሥር ተጥለው አየኋቸው። በቤንዚን ልጠባቸውና ለብረት ገዢ ልስጥ ብዬ አንዱን አነሣሁ። «ቀኝ» ብሎ ሀሩን በኖራ ጽፎበታል። ፒካፑ ቀኝ ጎማ ጋ ወስጄ አጠገቡ ያዝኩት። መልኩ የዚያኛው አይደለም። በግራ በኩል ከተገጠመው ጋር ስይዘው ግን አንድ ናቸው፤ ለካ አቀያይረን ነው የገጠምናቸው። ወላሂ እንዲህ ቀላል ነው። ማንም ሰው ያየዋል።

ከዚያ ተቀመጥኩ። የፒካፑን ነገር ሳይሆን አንተን ነበር የማስበው። ብሎኗ ወደ ታች ናት ብዬ ጽፌልሃለሁ። በዚሁ ቃል። ኮምቦልቻ ሳለን ብሎኗን ዳብሰህ ብቻ የየትኛው ጎማ እንደሆነ የምትናገር ሰው፣ ይህን አንብበህ አላወቅክም? አውቀሃል። አውቀህ ደግሞ «ደጋግሙት» አልከን። እኔ አምስት ጊዜ ረገጥኩ።

ማክሰኞ ስልኬ ጠራ። ስምህን አየሁት። ሻይ እየጠጣን ነበር።

«አንሣው እንጂ» አለ ሀሩን።

«ሰው ተሳስቶ ነው» አልኩት።

መልእክትህንም አነበብኩት። ረቡዕ በሹፌር የመጣው ወረቀትም ደረሰኝ። ፊደልህ ከመስመር ወጥቶ ነበር። አለን ማለት አንድ ቃል ነው። አላልኩህም። ዘጠኝ ቀን። ሀሩን ገደል ገብቷል ብለህ እንደምታስብ አውቄ ዘጠኝ ቀን በልቼ አደርኩ። የዘጠኝ ቀኑ ኃጢአት የኔ ነው፣ በአንተ ላይ አልጨምረውም።

በሀሩን ምክንያት እንደቀናህብኝ አሁን ገባኝ። ለምን አልነገርከኝም? እኔም እኮ ቀንቼብህ አውቃለሁ። ኢቃማህን ኪስህ ከተህ ኮርኒሽ ላይ ባሕር እያየህ ስትሄድ እየታየኝ ስንት ጊዜ ተቃጥያለሁ መሰለህ። ግን ኢቃማህ እንዲጠፋብህ አልተመኘሁም። ወይ ተመኝቼ ይሆናል። አላስታውስም።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ ልንገርህ። ካሊፐሩን ስናቀያይር ሀሩን «እንዴት አወቅክ?» አለኝ። «የአጎቴ ልጅ ነው በደብዳቤ የነገረኝ» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። የአጎቴ ልጅ አውቆ ዝም አለ የሚለው ነገር ከአፌ አልወጣልኝም። አሁን ሀሩን ስምህን ሳያነሣ አይውልም። እማማ ዘይነብ በየሶላታቸው «ያ ጥሩ ክርስቲያን» እያሉ ዱዓ ያደርጉልሃል።

ሀሩን ደግሞ ጥያቄ አለው። የአማርኛ ፊደል አያውቅም፣ እሱ ሲናገር እኔ ነኝ የምጽፈው። እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ላንተ ይሁን ሙዕለም፣ አስተማሪዬ። አንድ ሚኒባስ አለ። ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ የፊት ቀኙ አይለቅም፣ ጎማው ይግላል። ቆሞ ሲቆይ ይለቃል። ካሊፐሩን ቀየርኩ፣ ያው ነው። አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።»

መልስ መስጠት አለመስጠት ያንተ ነው። ከሰጠህ አነብለታለሁ።

ካሳ


ጅዳ፣ ጉለይል
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀሩን፤

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለእናትህ ለእማማ ዘይነብ፣ ለታመሙት እህታቸውም ምሕረት ይላክላቸው። ሳልጽፍልህ የቆየሁ የካሳ አጎት ልጅ ጥሩነህ ነኝ።

ይህን የሚያነብልህ ካሳ ነው። ካሳ፣ አንድ ቃል እንዳትዘል። ልታድነኝ ብለህ አንዲትም እንዳታለሰልስ። በዚያች ባዶ ቦታ፣ ሰው እየሰማ አንብብለት።

ሀሩን፣ የካሊፐሩን ነገር ለካሳ የነገርኩት እኔ አይደለሁም። ራሱ ነው ያገኘው። እኔ ከእሱ በፊት አውቄ ነበር። ጥቅምት 26 ቀን አወቅኩ፣ እስከ ኅዳር 10 ዝም አልኩ። አሥራ አራት ቀን። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዝም ማለቱ ሳያንሰኝ «ደጋግሙት» ብዬ ጻፍኩ። እንደማይሠራ አውቄ ነው የጻፍኩት። ሁለት ጣሳ ዘይት በእኔ ቃል ገዛህ።

እናትህ በዚያ መኪና ሀዳን እንደሚወርዱ ካሳ ባይጽፍልኝ መቼ እናገር እንደነበር አላውቅም። ብቻህን ብትሆን ኖሮ እናገር ነበር ወይ? ይህን ከትናንት ጀምሮ ራሴን እጠይቃለሁ። አዎ ማለት እፈልጋለሁ። ወረቀት ላይ ግን አዎ ብዬ ልጽፈው አልቻልኩም።

ጠልቼህ አይደለም። ፊትህን አላውቀውም። እኔ እተኛበት የነበረው ቦታ ላይ ተኝተህ ነበር፣ ደግሞ ጎበዝ ነበርክ፣ ደግሞ ካሳ ይስቅ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ምክንያትም ብዬ አይደለም የምነግርህ።

እማማ ዘይነብ ስለ እኔ የሚያደርጉትን ዱዓ ይህን ከሰሙ በኋላ ቢያቆሙት አይፈረድባቸውም። ንገራቸው።

የሚኒባሱ መልስ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው። ምን እንደምትፈታ፣ ምን እንደምትቆርጥ፣ ውስጡን እንዴት እንደምታይ በተራ ጽፌዋለሁ። ትክክል ነው። ነገር ግን የእኔን ቃል እንድታምን የሚያስገድድህ ነገር ከእንግዲህ የለም። ሌላ ሰው ጠይቀህ አመሳክር፣ ወይም ሳታስነብበው ቅደደው።

ካሳ፣ እዚህ ላይ ቁም። ወረቀቱን እጠፈውና የሀሩንን ፊት እይ። ሁለተኛውን የምታነብለት እሱ ራሱ አንብብ ካለህ ብቻ ነው።

ጥሩነህ